ሁካ የደበቀው ስኳር

የሞያሌ የከብት ገበያ ከማለዳ ጀምሮ አቧራና ጩኸት ነው። ከጎልቦ ቆላ የተነዱ ግመሎችና ፍየሎች በአንድ ወገን ይቆማሉ፤ ከኢትዮጵያ በኩል ድንበር ተሻግረው የመጡ ነጋዴዎች በሌላው ወገን ይሰበሰባሉ፤ ደላሎች በመሀል እየተመላለሱ አንዱን በኦሮምኛ፣ ሌላውን በስዋሂሊ፣ ሦስተኛውን በአማርኛ ያግባባሉ። የናይሮቢው መንገድ አስፋልት ሳይለብስ፣ የሞባይል ስልክም ገና የጥቂት ሰዎች ጌጥ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ በዚህ ገበያ ውስጥ እንደ ሁካ ቃሉ የሚታመን ነጋዴ አልነበረም። ሁካ «ይህች ግመል ጤነኛ ናት» ካለ ገዢው ጥርሷን ለማየት አፏን አይከፍትም ነበር።

ሁካ በኬንያው ሞያሌ ተወልዶ ያደገ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ቁመተ ረጅምና ደረተ ሰፊ ሰው ነው። ማንያታ በሚባለው ሰፈር ከሚስቱ ከካልቱማና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። የመጀመሪያ ልጁ ቀመር ስለሚባል ሰው ሁሉ አባ ቀመር ይለዋል። የእሱ ግቢና የእኔ ግቢ በአንድ አጥር የተያያዙ ናቸው። ይህን ታሪክ የማወራውም እሱ ራሱ «ንገሪያቸው፣ ሌላው ይማርበት» ስላለኝ ነው እንጂ የጎረቤት ገመና ለማውጣት አይደለም።

ሁካ ሻሪፍ የሚባል የሥራ ባልደረባ ነበረው። ሻሪፍ ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ የሚመጣ ነጋዴ ነው። ሁካ ከጎልቦ እረኞች ከብት ይሰበስባል፣ ሻሪፍ ተቀብሎ ወደ ማዶ ያሻግራል። ከአሥር ዓመት በላይ በዚህ ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳ ከፍ ዝቅ አልተባባሉም። ሻሪፍ የካልቱማን ምሳ ያልበላበት ሳምንት የለም። የሁካ ልጆችም አጎታቸውን ሀምዳንን በሚጠሩበት አጠራር ሻሪፍንም «አዴራ» ይሉት ነበር፤ የአባት ወንድም ማለታቸው ነው።

ይህ ሁሉ ከመፍረሱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሁካ ውሃ ጥሙ በረታ። ሌሊቱን ሽንት ሲመላለስ ያድራል፤ ደረቱ ሟሸሸ፤ ዓይኑ ብዥ ይልበት ጀመር። ካልቱማ ለምናና ተቆጥታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። እዚያ የምትሠራ ሜርሲ የምትባል ነርስ አለች። ከደጋው ኬንያ የመጣች ስትሆን ሰዉ ሁሉ ሲስተር ሜርሲ ይላታል። ደሙን መርምራ ስኳር በሽታ እንዳለበት ነገረችው። በሽታው ጨርሶ የሚለቅ ባይሆንም ሰው ተጠንቅቆ አብሮት ሊኖር እንደሚችል፣ ክኒኑን ከምግብ ጋር በየቀኑ መውሰድ እንዳለበት፣ አንድ ቀን ቢረሳ በማግሥቱ ደርቦ እንዳይውጥ፣ ምግብ እንዳይዘል፣ ማታ ማታ እግሩን እንዲያይ አስረዳችው። ክኒኑ ስኳሩን ከልክ በላይ ካወረደው ሰውነቱ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ላብ እንደሚያሰምጠው፣ አእምሮውም ሊዞርበት እንደሚችል ነግራ፣ ለዚህ ጊዜ የሚሆን ከረሜላ ወይም ስኳር ከኪሱ እንዳይለይ መከረችው። በመጨረሻም አብረውት የሚውሉ ሰዎች እንዲያውቁ አደራ አለችው።

ሁካ ስዋሂሊ አሳምሮ ያውቃልና አንድም ቃል አላመለጠውም። ግን ልቡ የተቀበለው የወደደውን ብቻ ነበር።

ለሁካ በሽታ ማለት ሰው የሚሰማው ነገር ነው። አፉ ሲደርቅ ክኒኑን ይውጣል፤ ደህና ሲሆን ይተወዋል። ክኒኑን እንደ መጥረጊያ ነበር የሚያየው፤ ቆሻሻው ሲበዛ ብዙ መጥረግ ነው። ሠርግ ላይ ጠግቦ ከበላ በማግሥቱ ሁለት ሦስት ደራርቦ ይውጣል። ከረሜላ በኪሱ ይዞ መዞሩን ሲያስበው ሳቁ ይመጣበታል፤ «በሽበቴ ከረሜላ ልምጠጥ?» ይላል። ከሁሉም በላይ ግን ለሰው መናገሩን እንደ ሞት ይፈራው ነበር። ከዚህ በፊት አንድ ነጋዴ ታሞ ገበያተኛው እንዴት ፊቱን እንዳዞረበት አይቷል። ስለዚህ ካልቱማን ለማንም እንዳትናገር በልጆቿ አስማላት።

ገበያው ዳር ሥራሥር የሚሸጥ ዓምበሮ የሚባል ሽማግሌም ነበር። ዓምበሮ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አባቱ ያወረሰውን ነው የሚያወራው። ስኳር የሚይዘው ደንግጦ ውሃ ያልጠጣን ሰው ነው፣ ጣፋጭን የሚያሸንፈው ደግሞ መራራ ነው ይላል። ሁካ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው የሚጠይቅ መስሎ ጠይቆት እሬት ገዝቶ ይጠጣ ነበር። አንድ ጊዜ ክኒን፣ አንድ ጊዜ እሬት፣ አንድ ጊዜ ምንም፤ ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ያቺ ቀን የመጣችው በዘመድ ሠርግ ማግሥት ነው። ሁካ በሠርጉ ጮማ በልቶ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ደጋግሞ ጠጥቶ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ሰውነቱ ከበደው። የትናንቱንና የዛሬውን ክኒን አንድ ላይ ዋጠ፤ ለጥንቃቄም ብሎ ጨመረበት። ባዶ ሆድ ስኳሩን ቶሎ ያደርቀዋል ብሎ ስላመነ ቁርስ አልነካም። ካልቱማ ወተት ይዛ እስከ በሩ ብትከተለው ኩባያውን በእጁ ገፋው።

ገበያው ሞቅ ሲል ሁካና ሻሪፍ በአንዲት ግመል ዋጋ ላይ ከእረኛው ጋር ይነጋገሩ ነበር። ሻሪፍ በኋላ እንደተናገረው፣ መጀመሪያ ያየው የሁካን ላብ ነው። ጥላ ሥር ቆሞ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ቀጥሎ እጁ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ያልተጠየቀውን መለሰ፤ ስለ ግመሏ ሲጠይቁት ስለ ሟች አባቱ ያወራል። ሻሪፍ ሳቅ ብሎ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና «ወንድሜ፣ አሞሃል እንዴ?» አለው።

ሁካ ዱላውን በሁለት እጁ አንሥቶ ፊቱን መታው።

የመጀመሪያው ምት የሻሪፍን መንጋጋ ሰበረ። ሻሪፍ ሲወድቅ ሁለተኛው ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ። ሁካ አላቆመም። የወደቀውን ሰው ጀርባ፣ ክንድ፣ ራስ ያገኘውን ይደበድባል፤ አፉ ትርጉም የሌለው ነገር ያጉረመርማል፤ ፊቱ ላይ ግን ቁጣ አልነበረም ይላሉ ያዩት። ግመሎቹ ደንብረው ገመዳቸውን በጠሱ። እረኛው ሊይዘው ሲሞክር የሁካ ክርን አፍንጫው ላይ አረፈ።

ያኔ ገበያው ተነሣበት። ግማሹ «ሰክሯል» አለ፣ ግማሹ «አብዷል» አለ፤ የሚለው ቢለያይም የሚወረውረው ድንጋይ አንድ ነበር። ሁካ በዱላና በድንጋይ ተመትቶ ወደቀ። ከወደቀም በኋላ ረገጡት። ጎድን አጥንቱ ተሰበረ፤ አንድ ሰው በወፍራም ጫማ የቀኝ እግሩን ጣቶች ጨፈለቃቸው። ሕይወቱን ያተረፈው ሻሪፍን ለመሸከም ሰዉ ወደዚያ መዞሩ ነው። ካልቱማ ስትደርስ ባሏ አቧራው ላይ ተዘርግቶ ያቃስታል፤ ሰውነቱ በላብ ርሷል። ላቡን ስታይ ሲስተር ሜርሲ ያለችው ትዝ አላት። ከሱቅ ጣፋጭ ሶዳ ገዝታ፣ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በትንሽ በትንሹ አጠጣችው። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ሰው ማየት ጀመረ። «ማን ነው የመታኝ?» ብሎ ጠየቃት። ሻሪፍን መምታቱን አያውቅም ነበር።

ሻሪፍን በፒክአፕ ጭነው በዚያ ኮረኮንች መንገድ ሶሎሎ ሆስፒታል ወሰዱት። መንጋጋውን አሰሩለት። ዓይኑን ግን ማዳን አልተቻለም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የሻሪፍ ታናሽ ወንድም ባሺር ጓደኞቹን አስከትሎ ድንበሩን ተሻገረ። ባሺር ደመ ሞቃት ወጣት ነው፤ አባት የሆነለት ሻሪፍ ነበር። ፓንጋ፣ ማለትም ረጅሙን ገጀራ ይዘው በማንያታ መሀል ሲሮጡ እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። የሁካን የግቢ በር በርግደው ገቡ። ሁካ ጎድኑን ታስሮ አልጋ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሀምዳን ደጃፉ ላይ ባዶ እጁን ቆመ። እጁን ዘርግቶ «ቆይ፣ እንነጋገር» ሲል ባሺር የዘረጋውን እጅ መታው። አራት ጣቶች መሬት ላይ ወደቁ። ሀምዳን በቀረው እጁ የተቆረጠውን አቅፎ በሩን አልለቀቀም። ማድ ቤቱን አቃጠሉት፤ ከማድ ቤቱ እሳቱ ወደ ፍየሎቹ ጋጣ ዞረ። የፍየሎቹ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ፖሊሶች መጥተው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ነው ወጣቶቹ የተበተኑት፤ ባሺርም ወደ ማዶ አመለጠ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ጠብ መሆኑ ቀረ። የሁካ ዘመዶች ወደ ጎልቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የሻሪፍን ወገን የጭነት መኪና አስቁመው ሾፌሩን ደብድበው ጣሉት። በማግሥቱ ከማዶ በመጣው አጸፋ ሁለት ቤት ተቃጠለ። ሱቆች ተዘጉ። ከአንድ ገበታ የበሉ ሰዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሸሚዛቸው ሥር ስለት ይዘው ነበር። የከተማው ሰው ሁሉ የጠቡን ምክንያት ይጠይቃል፤ አንዱ ገንዘብ ነው ይላል፣ አንዱ ስድብ ነው ይላል። እውነቱን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ዝም አሉ።

ካልቱማ ባሏን እውነቱን እንዲናገር በእንባ ለመነችው። የሆነው ስኳሩ ወርዶ መሆኑን ነገረችው። ሁካም ልቡ ያውቀው ነበር፤ ያላስታወሰው ነገር አስፈርቶት ነበርና። ግን የወሰደው ትምህርት የተገላቢጦሽ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በክኒኑ ላይ አላክኮ መድኃኒቱን ወረወረውና ወደ ዓምበሮ እሬት ዞረ። ጥማቱ ተመለሰ። የተጨፈለቀው እግሩ ቆሰለ፤ ቁስሉ ግን አያመውም። ስላላመመው «ድኗል» ይላል። ካልቱማ ግን ይሸታት ጀመር። አንድ ቀን ጣቱ ጠቁሮ አይታ ሲስተር ሜርሲ ጋ እንሂድ ስትለው ተቆጣት።

«እሺ፣ ጤና ጣቢያው ይቅር» አለችው። «ለሽማግሌዎቹ ግን ንገራቸው። ታምሜ ነው በላቸው። ሰው እየተፋጀ ነው እኮ፣ አባ ቀመር።»

ሁካ እንዲህ አላት፦ «ተናዶ የመታ ሰው ካሣ ይከፍላል፤ ወንድነቱ ይቀርለታል። በሽተኛ ነው የተባለ ሰው ምን ይቀርለታል? ማን ግመሉን ያምነዋል?»

በመጨረሻ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተላልከው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ትልቅ ግራር ሥር ሊያስታርቁ ቀጠሮ ያዙ። መሪያቸው ሀጂ ጉዮ የሚባሉ፣ በሁለቱም ማዶ የሚከበሩ አዛውንት ናቸው። ስለት ሁሉ ገና ከሩቁ ከየሰዉ ተሰበሰበ። ባሺርም በሽማግሌዎች ዋስትና መጣ። ሀምዳን የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከወንድሙ ጎን ተቀመጠ። ሻሪፍ መንጋጋው ታስሮ፣ አንድ ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ፊት ለፊት ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ሁካ ከአልጋው መነሳት አቅቶት ነበር። በሽማግሌ ፊት ደክሞ መታየትን ስለፈራ፣ ካልቱማ ከወረወረበት አንሥታ ደብቃ ያስቀመጠችውን ክኒን ፈልጎ አንድ እፍኝ ዋጠ። እህል ግን አልቀመሰም። ካልቱማ ባዶውን መጠቅለያ ስታገኝ ስኳር አብዝታ ሻይ አፈላችና በፔርሙስ ይዛ ተከተለች። እኔም አብሬያት ሄድኩ። ከሴቶቹ ጋር ከዳር ተቀመጥን።

ጸሎት ተደረገ። ሀጂ ጉዮ ሁካን ለምን ወንድሙን እንደመታ ጠየቁት። ሁካ ተነሣና «ሰደበኝ፤ አባቴን በመቃብሩ ሰደበው» አለ።

ጉርምርምታ ሆነ። ሻሪፍ ቀስ ብሎ ቆመ። በታሰረ መንጋጋው ቃሉን እየጎተተ «አሞሃል ወይ ነው ያልኩት» አለ። «ሌላ አንድም ቃል ከአፌ አልወጣም። አላህ ምስክሬ ነው።»

ባሺር ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ፤ ወንድሙን ዓይኑን አሳጥቶ ስሙንም ሊያጠፋ ነው ብሎ ጮኸ። የሁካ ወገኖችም ተነሡ። ሽማግሌዎቹ በመሀል ገብተው ለማስቀመጥ ብዙ ደከሙ። ክርክሩ ሲቀጥል ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። እኔ ከሩቅ የሁካን ጀርባ አያለሁ፤ ሸሚዙ ረጠበ። ካልቱማ ፔርሙሱን እቅፏ ውስጥ አጠበቀችው።

ሀጂ ጉዮ አንድ ነገር ጠየቁት። ሁካ መልስ አልሰጠም። አዛውንቱ ደግመው ስሙን ሲጠሩት ብድግ አለና የተደገፉበትን ከዘራ ቀምቶ ግንባራቸውን ፈነከታቸው። ነጭ ጢማቸው በደም ራሰ። ዞሮ ያገኘውን መታ፤ ሀምዳን ሊይዘው ቢሞክር የቆሰለ እጁ ላይ መታው፤ ሀምዳን እየጮኸ ወደቀ። ያን ጊዜ ባሺር ደርሶ ሁካን ከኋላው አነቀው። ሁለቱ ተያይዘው መሬት ላይ ወደቁ። ባሺር ጉሮሮውን ይዞ ይጫናል፤ ወጣቶች ድንጋይ ያነሣሉ።

ካልቱማ መሀላዋን ያፈረሰችው ያኔ ነው። በወንዶቹ መሀል ሰንጥቃ ገብታ ባሺር ክንድ ላይ ተንጠለጠለች።

«አትምቱት፤ ስኳር በሽታ አለበት» አለች። «ስኳሩ ወርዶበት ነው። ሻሪፍንም የመታው ይኸው በሽታ ነው።»

ማንም አልሰማትም፣ ከሻሪፍ በቀር። ያቺን ላብ አይቷታል፤ ያን ሰው የማይለይ ዓይን ያውቀዋል። ከወንድሙ አጠገብ ተንበርክኮ «ባሺር፣ ጉሮሮውን ልቀቅ። እጁን ያዝ» አለው። ባሺር ቢያቅማማም የታላቁን ቃል አከበረ። ሻሪፍ ራሱ የሁካን ሌላ እጅ ያዘ፤ አንድ ዓይን ያሳጣውን እጅ። ካልቱማ ባሏን ቀና አድርጋ ሻዩን አፉ ላይ አደረገች። የመጀመሪያውን ተፋው። ከዚያ መዳፏን ነከሳት፤ ጥርሱ እስኪገባ ድረስ ነከሳት። እሷ ግን እጇን አልሳበችም። ደሙና ሻዩ አብሮ እየፈሰሰ ደግማ አጠጣችው፤ ዋጠ። ደግማ አጠጣችው።

ሁሉም ዙሪያውን ቆሞ ያያል። ቀስ በቀስ የሁካ ክንዶች ላሉ፤ ትንፋሹ ተመለሰ። ዓይኑን አዙሮ የሚስቱን እጅ አየ፣ የሀጂ ጉዮን ግንባር አየ፣ መሬት ላይ የተጋደመ ወንድሙን አየ። «ይህን ማን አደረገ?» አለ በደካማ ድምፅ።

መልሱን ከሰዉ ፊት አነበበውና ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ።

ዓምበሮ እዚያው ነበር። ራሱን እየነቀነቀ የፈረንጅ ክኒን ሰው እንደሚያሳብድ ሁልጊዜ መናገሩን አነሣ። «እንግዲህ በዓይናችሁ አያችሁ። ይህን መርዝ ይጣል፤ መራራውን ይጠጣ» አለ። ብዙዎችም ተስማሙበት።

ካልቱማ እጇን በሻሽዋ ጠቅልላ ቆመች። «አባቴ ዓምበሮ፣ መራራውን ጠጥቷል» አለችው። «ሲጠጣ ቆይቶ እግሩ በስብሷል፤ ሂድና አሽትተው። ክኒኑ አልበደለውም። እንደታዘዘው ከምግቡ ጋር ሲወስደው ሰው ሆኖ ይውል ነበር። የበደለው ሲያሻው መተዉ፣ ሲያሻው መደረቡ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ እኔና እሱ ዝም ማለታችን ነው።»

ሀጂ ጉዮ ደማቸውን እየጠረጉ ሲስተር ሜርሲን በመኪና እንዲያመጧት አዘዙ። መጥታ ጣቱን ወግታ ደሙን ለካች። ሻዩ ባይደርስለት ኖሮ ራሱን ስቶ ሊሞት ይችል እንደነበር ነገረቻቸው። ሰውየው መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ መስጠት፣ ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሕክምና መሮጥ እንደሚገባ ገለጸች። የዋጠው ክኒን ገና በሰውነቱ ስላለ ተመልሶ ሊወርድበት ይችላል፣ አሁኑኑ ሆስፒታል መግባት አለበት አለች። ከዚያ ካልቱማ የእግሩን ጨርቅ ፈታች። ሜርሲ እግሩን አየችና መኪናው ቶሎ እንዲቀርብ አዘዘች።

መኪናው ላይ ሲጭኑት ሻሪፍ አጠገቡ ቆመ።

«አሥር ዓመት አብረን በላን» አለው። «ብትነግረኝ ኖሮ፣ ያን ቀን ላብህን ሳይ ሻይ አመጣልህ ነበር።»



እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሲሻለው ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡ። ከሁካ ወገን በበሽታ ለተደረገ ነገር ካሣ አይገባም የሚሉ ነበሩ። ሀጂ ጉዮ ግን እንዲህ ብለው ዘጉት፦ «የመታው በሽታው ነው እንበል። የደበቀው ግን ሁካ ነው። በሐሰት ሰደበኝ ያለውም ሁካ ነው።» ባሺርንም አልማሩትም፤ ሳይጠይቅ ስለት መምዘዝ የማንም በሽታ አይደለም አሉት። ሁካ ለሻሪፍ፣ ባሺር ለሀምዳን ከብት ከፈሉ፤ ለሾፌሩና ቤት ለተቃጠለባቸውም ሁለቱ ወገኖች አዋጥተው ካሡ። ሁካ በፍርዱ አልተከራከረም፤ በሁሉ ፊት ሻሪፍ አባቱን እንዳልሰደበ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀው።

ወገኖቼ፣ ስኳር በሽታ በቤታችን ብዙ ነው፤ ስለ እሱ በልባችን የያዝነው እምነት ግን ከበሽታው ይበልጥ ይጎዳናል። ካላመመኝ ድኛለሁ ማለት ውሸት ነው፤ የሁካ እግር ሳያመው ነው የበሰበሰው። መራራ ነገር ስኳርን አያጥበውም። የታዘዘ መድኃኒት ሲያሻን የምንተወው፣ ስንደነግጥ የምንደራርበው ነገር አይደለም፤ የከበደን ነገር ካለ ላዘዘልን ሰው መንገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኛ ሞያሌዎች ደግሞ ያየነው ከዚያ የባሰ ነው፤ አንድ ሰው በደበቀው በሽታ የጎረቤት ዓይንና የወንድም ጣት ሄደ። እኛም ብንሆን ላብ ያሰመጠውን፣ የሚንገዳገደውን ሰው ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ድንጋይ አንሥተናል። ያ የእኛ ጥፋት ነው።

ሁካ ወደ ገበያ የተመለሰው በክራንች ነው። የተመለሰ ቀን ግመሎቹ መሀል ቆሞ እንደ ድሮው በትልቅ ድምፁ ሰዉን ጠራ። ነጋዴውም እረኛውም ተሰበሰበ።

«ስኳር በሽታ አለብኝ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ምሳዬን በሰዓቱ እዚሁ እበላለሁ፤ የሚያፍርብኝ ካለ ፊቱን ያዙር። ላብ ካሰመጠኝ፣ ነገር ከተቀላቀለብኝ፣ አትምቱኝ፤ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ አለ፣ አጉርሱኝ።»

ሻሪፍ ከመሀላቸው ወጥቶ ጎኑ ቆመ። ቆይቶ ከኋላ፣ ግመል የያዘ አንድ የጎልቦ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ፈርጣማ፣ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ ጎልማሳ ነው፤ ገበያው ሁሉ በጉልበቱ የሚያውቀው።

«እኔም አለብኝ» አለ። «ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሚስቴም አታውቅም።»

ሁካ ክራንቹን እየተደገፈ ወደ እሱ ሄደ፤ ሰዉም መንገድ ለቀቀለት።